ልጁ ክረምቱን የት ይዋል?

ሰኔ 2017 ላይ አንዲት እናት በወላጆች መድረካችን ላይ ጥያቄ ለጠፈች። ልጇ 17 ዓመቱ ነው። 11ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማትሪክ ይፈተናል። ትምህርቱ ደህና ነው። ግን እስካሁን አንድ ብር ሠርቶ አያውቅም። የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ስልኩን ለእሷ አቀብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ባንክ ልካው ቅጽ ሙላ ሲባል ባዶ እጁን ተመልሷል። አባትየው ክረምቱን ማጠናከሪያ ይግባ ይላል። አጎትየው ጋራዥ አለውና ላኩልኝ ብሏል። እሷ መሐል ላይ ናት። የጠየቀችው ይህ ልጅ ሥራ ምን እንደሆነ እንዲገባው ሁለቱን ወር ምን ይሥራ የሚል ነው። ጥያቄውን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጣል አድርጋለች፦ ልጆቻችን ሰነፎች አይደሉም፣ እኛ ነን ከሥራ ያራቅናቸው።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝና ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። አሁን ረዝሟል፤ አዲስ የሚገባ ሰው ታች እስኪደርስ ይሰለቻል። ስለዚህ በየቁጥሩ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማይረቡትን እዘላለሁ። የማልስማማበት ላይም ዝም አልልም።

1ኛው መልስ ከአንድ አባት ነው። በጣም ጨዋ ነው፤ እናትየውን አመስግኖ ነው የሚጀምረው። የእሱም ሴት ልጅ እንደዚያው ናት። ምክሩ ግን አጭር ነው፦ ማትሪክ ይቅደም። ከመቶ ሦስት ብቻ በሚያልፍበት አገር ሁለት ወር ጋራዥ ማባከን አይገባም፤ ሥራው ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ይደርሳል ይላል።

2ኛው ቁጥሩን ያርማል። 3.3 በመቶ የ2014 ውጤት ነው፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ገደማ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ሆኗል። (የ2017ቱ ከዚህ መልስ በኋላ 8.4 ሆኖ ወጥቷል።) ሰውየው ቁጥሩን ያረመው ለማፋጠጥ አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ በዚያ በር በቀጥታ የማይገባ ከሆነ፣ ልጅን ለዚያ በር ብቻ ማዘጋጀት ምን ይባላል? ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ፣ እሱም ቢሆን ቦታው ለሁሉም አይበቃም። እኔ ይህን መልስ ያነበብኩት ሁለቴ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ግማሾቹ ግን ጨርሶ ያላዩት ይመስላል፤ ዲግሪ ይሻላል ሙያ ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። እናትየው ግን ያንን አልጠየቀችም።

3ኛው የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነው፤ የብረታ ብረት ሥራ ነው የሚያስተምረው። ከክሩ ውስጥ ረጅሙ ጽሑፍ የእሱ ነው፤ ግን ርዝመቱ አይታወቅም። በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየውን ይተርካል። 12ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ ልጅ የፊዚክስ ቀመር በቃሉ ይወጣል። 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቁረጥ ሲባል ግን ሜትሩን ይዘረጋና ከዜሮ ሳይሆን 1 ከተጻፈበት ይጀምራል። የተቆረጠው አንድ ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ልጁ መጋዙን ይወቅሳል። አሠልጣኙ አልቆጣም ይላል። ከዚህ በፊት በዚህ ልጅ ስህተት የተበላሸ ዕቃ ስለሌለ፣ ስህተት ማለት ለእሱ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ኤክስ ብቻ ነው። በትብብር ሥልጠና ድርጅት ሲላክ ነው የሚነቃው። እዚያ የተበላሸው ብረት ዋጋ አለው፤ ባለቤቱም አጠገቡ ቆሟል። ምክሩ፦ ልጁ የትም ይሂድ፣ ግን ቢያበላሽ አንድ ሰው እውነተኛ ነገር የሚያጣበት ቦታ ይሁን። ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና እንኳ ያንን ስሜት አይሰጥም ይላል፤ ምዘናውን አልፈው የደንበኛ በር ላይ ሲቆሙ የሚርበተበቱ አይቷል።

4ኛው ሦስት መስመር ነው፤ ስለታም ነው። ጋራዥ ማለት ልጅ ዘይት ተሸክሞ የሚሰደብበት ቦታ ነው፤ ሥራ ማስተማር እየተባለ የልጅ ጉልበት መበዝበዝ ነው፤ እናትየዋም ልታፍር ይገባል ብሏል። የመጨረሻዋን ቃል ላጠፋት ነበር፤ ተውኳት፤ ምክንያቱም ቀጣዩን መልስ ያመጣችው እሷ ናት።

5ኛዋ የሕግ ባለሙያ ናት። ስድቡን አልፋ ወደ አዋጁ ገባች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ ሊሠራ ይችላል፤ ግን በልክ ነው። በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ትርፍ ሰዓት የለም፤ በሳምንት እረፍትና በበዓል ቀንም አይሠራም። ጤናውን የሚጎዳ ሥራ አይሰጠውም። እንዲያውም አዋጁ ለሙያ ልምምድ የራሱ ክፍል አለው። በውሉ ውስጥ የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜው፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ለአጎት ቢሆንም አንድ ገጽ ይጻፍ አለች። በዘመድ መሐል ወረቀት ምን ያደርጋል ለሚለው መልሷ ጥሩ ነው፦ ወረቀቱ ለክስ አይደለም፣ ልጁ ውል ማለት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ውል የሚያነበው ከፈረመ በኋላ ነው፣ ያውም ሲጣላ።

6ኛው ያው 4ኛው ሰው ነው፤ ሕጉ ወረቀት ላይ ነው ብሎ ተመለሰ። ማን ይቆጣጠራል ነው ጥያቄው። አልተሳሳተም። ግን መፍትሔ አላመጣም፤ ክሩ ውስጥ ሁሌ እንዲህ ነው።

7ኛዋ ዳቦና ኬክ ቤት አላት፤ ከ12ኛ ክፍል የወጡ ልጆችን ትቀጥራለች። ጽሑፏ የተንገሸገሸ ሰው ጽሑፍ ነው። ልጆቹ ሥራው ከብዷቸው አይደለም የሚሄዱት ትላለች፤ ጎበዞች ናቸው። የሚያቃጥላት ሳይናገሩ መቅረታቸው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዳቦው ከምድጃ ወጥቷል፣ ደንበኛ ተሰልፏል፣ ሻጯ የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ትመጣለች። ታምማ ነበር፤ እውነትም ታማለች። ታዲያ ለምን አልደወልሽም ስትባል ዝም ትላለች። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ብዙ ስትጠይቅ የገባት ነገር አለ፦ ትምህርት ቤት ልጅ ሲቀር ወላጅ ነው የሚጠራው። ልጅቷ በራሷ ስም ለአንድ አለቃ ደውላ ዛሬ አልመጣም ብላ አታውቅም። መደወሉን ያልደፈረችው ንቀት ስለሆነ ሳይሆን ፍርሃት ስለሆነ ነው። እኔ በክሩ ውስጥ ለእናትየዋ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስልኩን ለእናቱ አቀብሎ የሚሮጠው ልጅና ስልኳን የዘጋችው ሻጭ አንድ ናቸው።

8ኛው ግን አልወደደውም። 22 ዓመቱ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመርቋል፤ ሥራ ፈላጊ ነው። ያለ ውል ትቀጥራላችሁ፣ ደሞዙን በቃል ትናገራላችሁ፣ ከዚያ ልጆቹ ጠፉ ትላላችሁ ሲል ጀመረ። ከዚያ የራሱን ዘረገፈ። ለጀማሪ በወጣ ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ለካሸርነት ዋስ አምጣ ይባላል፤ ዋሱ ደግሞ ቋሚ ደሞዝ ያለው መሆን አለበት። አባቱ የቀን ሠራተኛ የሆነ ልጅ ዋስ ከየት ያመጣል? በቴሌግራም ያገኘው ሥራ ለምዝገባ ተብሎ በቴሌብር ብር ከተቀበለው በኋላ ቻናሉ ጠፋ። ስለዚህ ለልጆቹ ባህሪ ከማስተማራችሁ በፊት ይህን አስተምሩ አለ፦ ሥራ ፈላጊን ገንዘብ የሚጠይቅ አሠሪ የለም። ትንሽ ተሳድቧል፤ ሁለት ቃል አንስቻለሁ። የቀረው ግን የሚነበብ ነው።

ከ9 እስከ 13 ክሩ መንገድ ሳተ። 9ኛው አንድ ጡረተኛ ናቸው። እሳቸው በጃንሆይ ጊዜ ከተግባረ ዕድ የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በ1934 ሲከፈት ጀምሮ አገሪቱን ያሠራት ነው፤ በእኛ ጊዜ አሠሪዎች ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ነበር የሚወስዱን አሉ። 10ኛው አዎ ጋሼ ብሎ ተቀበላቸው። 11ኛው የዊንጌት ልጅ ነኝና ስለ ዊንጌትም ይነገር አለ። 12ኛው የእናንተ ዘመን ተመራቂው ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ነው ሲል ጠየቀ፤ ይህ ተገቢ ነበር። ጋሼ ግን በ13 የመለሱት ስለ መምህራቸውና የትኛው ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ ያመላልሳቸው እንደነበር ነው። ስለ አውቶቡሱ ሌሎችም ተጨቃጨቁ። እሱን ወደ ሌላ ክር አዛውሬዋለሁ፤ እስካሁን ይቀጥላል።

14ኛዋ ከዋሽንግተን ዲሲ ናት። እዚያ ልጅ ሃይስኩል ለመጨረስ 100 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት አለበት። በክረምት ደግሞ ከተማው ራሱ ከ14 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ለሳምንታት ሥራ አስገብቶ ይከፍላቸዋል፤ በቀድሞው ከንቲባ በማሪዮን ባሪ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ነው። ልጇ በ15 ዓመቱ በሰፈር መዝናኛ ማዕከል ትንንሾቹን ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ደሞዝ ሲገባ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ወረቀቱን አነበቡ። በሰዓቱ ያሰላው ብርና እጁ የገባው አልገጠመም። ሶሻል ሴኩሪቲ ማነው፣ ለምን ብሬን ወሰደ ብሎ ተናደደ። ያን ቀን ስለ ግብር የገባው ነገር ከዚያ በኋላ አልወጣም ትላለች።

15ኛው ወዲያው ገባ፦ ይህ አሜሪካ አይደለም፤ ምቾታችሁን እዚያው። 16ኛው ከጀርመን ሆኖ ሊያስታርቅ ሞከረ። አውስቢልዱንግ የሚባለውን ያስረዳል። ወጣቱ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፣ ሌላውን ቀን ይሠራል፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል። እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። ግን ደግሞ ገነት አታድርጉት አለ። ልጆቹ ገና በትንሽነታቸው በትምህርት ቤት ዓይነት ይለያሉ፤ የኛ ልጆች ቋንቋው ሳይጠና ሲቀር ቦታ አያገኙም። ከዚህ ሊወሰድ የሚችለው አንድ ነገር ነው ይላል፦ ድርጅቱ ልጁን እንደ ተማሪም እንደ ሠራተኛም መቀበሉ። አገር ቤት አንዱ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ ወይ እንደ ትልቅ ሰው ይጠየቃል።

17ኛዋ ብዙም አልጻፈችም። ከደሴ አካባቢ ናት። እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ወንድ ልጅ ነው አለች። የእሷ ልጅ በ13 ዓመቷ ሰባት ሰው የሚበላው ታበስላለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ ሸቀጥ ገዝታ መልስ ቆጥራ ትመጣለች። ያንን ማንም ሥራ አይለውም፤ ደሞዝ ያለው ከዓረብ አገር ሲሆን ብቻ ነው። ለውጭ አገር ሥራ ሕጉ 18 ዓመት ይላል። በጎረቤቷ ግን 16 ዓመት የሆናት ልጅ ዕድሜዋ ተጨምሮ ሄዳለች። ልጅቷ ስትሄድ የተነገራት ስለ ደሞዙ ብቻ ነበር። ፓስፖርቷን ቢይዙባት ለማን እንደምትደውል የነገራት የለም። ከዚህ መልስ ቀጥሎ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

18 ላይ ባለ ጥያቄዋ ተመለሰች። ሁሉንም አንብባለች። አንድ ያልነገረችን ነገር ነበር፦ ልጁ ጋራዥ አልፈልግም ብሏል። የሚፈልገው ሞባይል ጥገና ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ሲያይ ያመሻል፤ የራሱን ስልክ ሁለቴ ፈትቶ አንዴ ገጥሟል። አጎትየው ተቀይሟል። ልጁን ማንም ሳይጠይቀው ነው ለካ እኛ ስንነታረክ የከረምነው።

19ኛው ሞባይል የሚጠግን ሰው ነው፤ ከመርካቶ። ልጅ እቀበላለሁ ግን እንዲህ ነው ብሎ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስልክ አያስነካም። ብሎን ነው የሚያስለየው። ነጭ ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ይስላል፤ እያንዳንዷ ብሎን ስትፈታ በወረቀቱ ላይ በወጣችበት ቦታ በፕላስተር ትለጠፋለች። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። ግን አንዷ በሚሊ ሜትር ሽራፊ ትረዝማለች። ረጅሟን በአጭሯ ቀዳዳ አጥብቀህ ካሰርካት ቦርዱን ትበሳለች፤ ስክሪን ሊቀየርለት የመጣ ስልክ ሞቶ ይመለሳል። ያንን ለደንበኛው ማን ይነግረዋል? እዚያ ቤት ደንቡ የፈታው ልጅ ነው። ባለቤቱ አጠገቡ ይቆማል፣ ኪሳራውንም እሱ ይችላል፤ ንግግሩን ግን ልጁ ነው የሚያደርገው። ሁለተኛው ደንብ የደንበኛ ፎቶና መልእክት አለማየት ነው፤ አንዴ ያየ በነጋታው አይመጣም። ክፍያ? ምሳና ትራንስፖርት፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ ከሠራው ላይ ድርሻ። የሕግ ባለሙያዋ ይህን በጽሑፍ አድርገው ብላ ጣልቃ ገባች፤ እሺ እህቴ አላት።

20ኛው የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው። ምክሩ ደረቅ ነው፤ ግን ወርቅ ነው። ልጆቻችሁን ስለ ቃለ መጠይቅ ከማስጠናታችሁ በፊት ስማቸውን አስተካክሉ ይላል። የ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ነው፤ የ12ኛው ላይ አንዲት ፊደል ተጨምራለች፤ ፋይዳ ላይ ሌላ ሦስተኛ አጻጻፍ። ሥራ አግኝቶ ሰነድ አስገባ ሲባል ነው የሚታወቀው። ከዚያ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ነው፤ ቦታው ሌላ ሰው ይይዘዋል። ገና በ17 ዓመቱ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስነብቡት። ስህተቱን ራሱ ያግኘው፣ ሊያስተካክልም ራሱ ይሂድ። ስለ ደሞዝም አከለ፦ ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንደሚገባ የሚያውቅ አዲስ ቅጥር ብዙም አይገጥመውም። የተቆረጠው እንጂ የተጨመረለት አይታየውም።

21ና 22 በ7ኛዋና በ8ኛው መሐል የቀረው ጠብ ነው። ሥራ ፈላጊው፣ ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ውል ትጽፊያለሽ ወይ ሲል የዳቦ ቤቷን ባለቤት ጠየቃት። የሙከራ ጊዜያቸውን ሲጨርሱ እጽፋለሁ አለች። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያዋ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለች። የሙከራ ጊዜ ራሱ በጽሑፍ ካልሆነ የለም፤ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥም አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛም መብቱ እንደ ሌላው ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ተናደደች። ዱቄት በየሳምንቱ እየጨመረ፣ መብራት በእኩለ ሌሊት እየጠፋ ማን ነው ወረቀት የሚጽፈው አለች። 8ኛው በዚህ ላይ ሳቀባት። እኔም ለአንድ ቀን ሁለቱንም አገድኳቸው፤ ሁለቱም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሁለቱም ጀማሪው እሱ ነው፣ እሷ ናት ብለው።

23 ላይ እናትየው ውሳኔዋን አሳወቀች። ጠዋት ማጠናከሪያ፣ ከሰዓት ሞባይል ቤት፤ አባትየው በዚህ ተስማምቷል። ሰፈሯ አቅራቢያ ያለ ጠጋኝ ነው ያገኘችው። ቤቱን ያገኘችው እሷ ብትሆንም ገብቶ ያነጋገረው ልጁ ነው፤ እሷ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ጠበቀች። አንድ ገጽ ጽፈዋል፣ ሰዓቱም ምሳውም አለበት። ስለ ታክሲው ግን ረስተዋል። አሁን የተለጠፉት ሰባት መልሶች የታክሲውን ማን ይክፈል የሚል ክርክር ናቸው። አንዱ ቤተሰብ ነው ይላል፣ ሌላው አሠሪ። የሰው ኃይል ሠራተኛው ደግሞ ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፣ ገጹ ላይም ያስጨምር ብሏል። እናትየው እስካሁን አልመለሰችም። ክሩ ክፍት ነው።